ድምፅን የሚያስቆመው መንገዱ ሳይሆን ኬላው ነው

የዛሬው ጽሑፌ ረዘም ይላል። ኤርፖርት ወረፋ ላይ ያላችሁ ወንበራችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋችሁ አንብቡት። መሪ የጨበጣችሁ ግን ቤት ስትገቡ ይደርሳችኋል፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም።

ባለፈው ስለ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ስጽፍ ብዙዎቻችሁ «እኛም እኮ ሐዲዱ ላይ ጆሯችንን ለጥፈን ባቡሩን እናዳምጥ ነበር» ብላችሁ ጻፋችሁልኝ። እኔም ከከዚራ ልጆች ጋር ይህንኑ አደርግ ነበር። ጠዋት ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀትር ላይ ጆሮ ያቃጥላል። ባቡሩ ገና በዓይን ሳይታይ፣ በአየርም ምንም ሳይሰማ፣ ብረቱ ውስጥ ስስ የሆነ ጩኸት ይጀምራል። ቀድሞ የሰማው ልጅ «መጣ!» ብሎ ይነሳል፤ የዚያን ቀን ጀግና እሱ ነው። (ልጆቻችሁ እንዳይሞክሩት ንገሯቸው። እኛን ያተረፈን ብልጠታችን ሳይሆን የባቡሩ ቀርፋፋነት ነው።)

ያኔ ማናችንም ያልጠየቅነው ጥያቄ ነበር። ብረቱ ውስጥ ያለው ድምፅ አየር ውስጥ ካለው እንዴት ቀደመ? እኔ ይህን ለመጠየቅ አርባ ዓመት ፈጀብኝ። የጠየቅኩትም የእውቀት ጥማት ኖሮኝ አይደለም፤ ጆሮዬን አሞኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሾፌር በግራ ይቀመጣል፣ ተሳፋሪ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ በቀኝ በኩል ይሆናል። ስለዚህ የታክሲ ሾፌር ግራ ጆሮው የመንገዱ ነው፣ ቀኝ ጆሮው የእንጀራው ነው። የኔ የደከመው ቀኙ ነው። አንድ ቀን ከናሽናል ኤርፖርት ያነሳሁት ሰው «ፎርቲንዝ ስትሪት» ይለኛል፣ እኔ «ፎርቲዝ ስትሪት» ሰማሁ። ዲሲን የምታውቁ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ፤ አንዱ መሀል ከተማ ነው፣ ሌላው ወደ ቴንሊታውን ነው። ሰውዬው ስልኩ ላይ ተደፍቶ ስለነበር አላየም። ቀና ሲል ጉድ ፈላ፣ ስብሰባ ነበረበት። ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ሒሳቡን ተውኩለት፣ መልሼ አደረስኩት። ሲወርድ ግን «መስማት ካልቻልክ ለምን ትነዳለህ?» አለኝ። እሷን ጥርት አድርጌ ሰማኋት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ደብቄዋለሁ። ተሳፋሪ ሲናገር በመስታወት ከንፈሩን አይ ነበር። እናቴ ከድሬ ስትደውል ስልኩን ወደ ግራ ጆሮዬ ካዞርኩ ቆይቼ ነበር። ከሁሉ የገረመኝ ግን ባለቤቴ ናት። ሰው ሁሉ ጆሮው የደከመ ሰው ይጮሃል ይላል፤ እሷ የምትለኝ የተገላቢጦሹን ነው። «ምነው ታንሾካሹካለህ? ጮክ ብለህ ተናገር እንጂ!» እኔ ደግሞ ድምፄ ጭንቅላቴ ውስጥ እንደ ጉድ ያስተጋባል። የጮህኩ ነው የሚመስለኝ።

በመጨረሻ ልጄ ቀጠሮ ያዘችልኝና ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ሁለት ጣት ያለው፣ ሹካ የሚመስል ብረት አወጣች። ክርኗ ላይ መታ አድርጋ እየዘመረ እግሩን ግንባሬ መሀል ላይ አቆመችው። «በየትኛው ጆሮህ ነው የሚሰማህ?» አለችኝ። ግራ ገባኝ። ድምፁ የሚሰማኝ በቀኙ ነበር፣ በታመመው! አፍሬ ዝም አልኩ። ደግማ ስትጠይቀኝ «በቀኙ» አልኳት። ፈገግ ብላ «ይሄ ጥሩ ዜና ነው» አለችኝ።

በታመመ ጆሮ አብልጦ መስማት እንዴት ጥሩ ዜና ይሆናል? ሐኪሟ የነበራት ሩብ ሰዓት ነው፣ ከኋላዬ ወረፋ አለ። እኔ ግን ወረፋ መጠበቅ ሥራዬ ነውና ኤርፖርት ጓሮ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩን ከሮም እንጀምር። በ1640 አካባቢ ጋስፓሮ ቤርቲ የሚባል ሰው ረጅም ቱቦ ውሃ ሞልቶ፣ ውሃው ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ባዶ ቦታ እንዲቀር አደረገ። አየር የሌለበት ቦታ ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው በዚያ ዘመን ሊቃውንትን የሚያጣላ ክርክር ነበር። ስለዚህ እዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ ትንሽ ደወል አስገቡ፤ መዶሻውን ከውጭ በማግኔት እየሳቡ ለቀቁት። ደወሉ ተሰማ! አትናሲየስ ኪርቸር የተባለው ኢየሱሳዊ ሊቅም «ደወሉ ከተሰማ ቦታው ባዶ አይደለም» ብሎ ደመደመ።

በ1660 እንግሊዛዊው ሮበርት ቦይል በአየር መሳቢያ ፓምፕ ያደረገውን ሙከራ አሳተመ። እሱ ያስገባው ሰዓት ነበር፤ የሚያንኳኳ ሰዓት። ግን አንድ ነገር ለየት አደረገ፤ ሰዓቱን በክር አንጠለጠለው። አየሩ እየተሳበ ሲሄድ ቲክ ቲክ የሚለው ድምፅ እየደከመ እየደከመ ጠፋ። አየር መልሶ ሲያስገባ ድምፁ ተመለሰ።

ልዩነቱ ያለው ክሯ ላይ ነው። የሮሙ ደወል ከዕቃው ጋር በድጋፍ የተያያዘ ነበር። ድምፁ በአየር በኩል መንገድ ሲያጣ በድጋፉ አድርጎ ወደ ዕቃው፣ ከዕቃው ወደ ሰዎቹ ጆሮ ወጣ። ቦይል ግን ያንን የጓሮ በር በክር ዘጋው። ኪርቸር ጆሮው አልዋሸውም፤ ድምፁን በእርግጥ ሰምቷል። የተሳሳተው ድምፅ አንድ መንገድ ብቻ ያለው መስሎት ነው።

ለመሆኑ የሚጓዘው ምንድን ነው? ልጄ ይህን ስትጠይቀኝ በኤርፖርት ወረፋችን አስረዳኋት። ፊት ያለው ታክሲ ተሳፋሪ ጭኖ ሲወጣ ሁለተኛው አንድ ቦታ ይጠጋል፣ ሦስተኛው ይከተላል፤ እንዲህ እያለ «የመጠጋቱ ነገር» እስከ መጨረሻው መኪና ይደርሳል። ነገር ግን ከመጨረሻው እስከ መጀመሪያው ድረስ የተጓዘ አንድም መኪና የለም። የተጓዘው ግፊቱ ነው። ድምፅም እንደዚሁ ነው። እኔ ስናገር ከአፌ የወጣው አየር እናንተ ጆሮ አይደርስም። አየሩ ጎረቤቱን ይገፋል፣ ጎረቤቱ ጎረቤቱን ይገፋል።

አሁን ወረፋችንን ከባቡር ጋር አስተያዩት። እኛ ጋ እያንዳንዱ ሾፌር ፊቱ ያለው መንቀሳቀሱን እስኪያይ፣ ስልኩን እስኪያስቀምጥ፣ ማርሽ እስኪያስገባ ይዘገያል። የባቡር ፉርጎዎች ግን በብረት የተቆላለፉ ናቸው፤ የፊተኛው ሲሳብ የኋለኛው ወዲያው ይሰማዋል። አየር እንደ እኛ ወረፋ ልል ነው። ብረት እንደ ባቡሩ የተቆላለፈ ነው፣ ሲገፉት መልሶ ይገፋል። ድምፅን የሚያፈጥነው ይህ ግትርነት ነው።

ብዙ ሰው «ከባድ ነገር ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል» ይላል፣ እኔም እንዲያ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ክብደቱማ ያዘገየዋል፤ ከባድ ነገርን ለማንቀሳቀስ ጊዜ ይፈጃል። እርሳስ ከብረት ይከብዳል፣ ግን ለስላሳ ስለሆነ ድምፅ በውስጡ ሲሄድ በብረት ካለው ፍጥነት ግማሹን እንኳ አይደርስም። ፊኛ ውስጥ የምንሞላው ሂሊየም ደግሞ ከአየር እጅግ ይቀላል፣ ነገር ግን ድምፅ በውስጡ ከአየር ወደ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ብረት ከባድ ሆኖ ሳለ ፈጣን የሆነው ግትርነቱ ከክብደቱ እጅግ ስለሚበልጥ ነው።

ይህን ለማወቅ ሰዎች ብዙ ለፍተዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዊልያም ደርሃም የሚባል የእንግሊዝ ቄስ አፕሚንስተር በሚባል ቦታ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ላይ ወጥቶ በርቀት የሚተኮስ መድፍ በመነጽር ይመለከት ነበር። ብልጭታውን ሲያይ መቁጠር ይጀምራል፣ ድምፁ ሲደርስ ያቆማል። ታላቁ ኒውተን በ1687 በታተመው መጽሐፉ የድምፅን ፍጥነት በሒሳብ ብቻ አስልቶት ነበር፤ ግን ስሌቱ ከተለካው በ15 በመቶ ገደማ ያንስ ነበር። ስህተቱን ያገኘው ፈረንሳዊው ላፕላስ ነው፣ በ1816 አሳተመው። አየር በድንገት ሲታመቅ ይሞቃል፣ ሲሞቅ መልሶ የመግፋት ኃይሉ ይጨምራል፤ ኒውተን ይህን አላሰበውም። የጎማ መንፊያ የያዘ ሰው ግን እጁ ላይ ያውቀዋል፤ ስንነፋበት ይግላል። ዛሬ የምናውቀው ቁጥር በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ነው።

ወደ ብረቱ እንምጣ። በ1808 ዣን ባቲስት ቢዮ የሚባል ፈረንሳዊ ፓሪስ ውስጥ አዲስ የተዘረጋ የብረት የውሃ ቧንቧ አገኘ፤ ርዝመቱ 951 ሜትር። አንዱ ጫፍ ላይ ብረቱን ሲመቱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው ሰው የሰማው አንድ ድምፅ ሳይሆን ሁለት ነበር። መጀመሪያ በብረቱ የመጣው፣ ከሁለት ሰከንድ ተኩል በኋላ ደግሞ በቧንቧው ውስጥ ባለው አየር የመጣው። አንድ ምት፣ ሁለት ድምፅ! ቢዮ ሲያሰላው በብረቱ የመጣው ከአየሩ ወደ 10 እጥፍ ይፈጥናል። ቧንቧው ብዙ መጋጠሚያ ስለነበረው እንጂ ወጥ ብረት ቢሆን ከዚያም በበለጠ ነበር፤ ዛሬ ለብረት የሚሰጠው ቁጥር በሰከንድ 5,000 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሳነብ የከዚራውን ሐዲድ አስታወስኩ። እኛ በነጻ ስንሠራው የኖርነው ሙከራ ነው።

ከብረቱ ቀጥሎ ውሃው። በ1826 ዣን ዳንኤል ኮላዶን እና ሻርል ስቱርም በጄኔቫ ሐይቅ ላይ በሌሊት ሁለት ጀልባ አቆሙ፤ አንዱን ሮል በሚባለው ከተማ በኩል፣ ሌላውን ከማዶ ቶኖን በኩል። በመካከላቸው 13,487 ሜትር ውሃ አለ። ከአንዱ ጀልባ ሥር ውሃ ውስጥ ደወል ተንጠልጥሏል። ደወሉ ሲመታ በዚያው ቅጽበት ከላይ ባሩድ ይበራል። ማዶ ያለው ሰው ብልጭታውን አይቶ ይቆጥራል። ድምፁ በዘጠኝ ሰከንድ ተኩል ገደማ ደረሰ፤ በሰከንድ 1,435 ሜትር መሆኑ ነው። በአየር ቢመጣ ወደ 40 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ፍጥነቱ ሳይሆን ማዳመጫው ነው። ደወሉ ራቅ ሲል ከውሃው በላይ ያለ ጆሮ ምንም አይሰማም። ኮላዶን መጀመሪያ ራሱን ውሃ ውስጥ እየነከረ ያዳምጥ ነበር። ኋላ ረጅም የቆርቆሮ ቱቦ አሠራ፤ ውሃ ውስጥ የሚገባው ሰፊ አፉ በስስ ቆርቆሮ የተደፈነ ነው፣ ጆሮውን ከላይኛው ጫፍ ላይ ያደርጋል። በዚያ ቱቦ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ የመጣ ደወል ተሰማ። እስቲ አስቡት፤ ድምፁ ያን ሁሉ ሐይቅ አቋርጦ ጀልባው ሥር ደርሷል፣ ግን ከውሃ ወደ አየር አንዲት ስንዝር መውጣት አቃተው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። እኛ የድሬ ልጆች ኬላ ምን እንደሆነ እናውቃለን። ሸቀጥ በረሃውን በሙሉ ያለ ችግር አቋርጦ ይመጣል። የሚያዘው ኬላው ላይ ነው። ድምፅም እንዲሁ ነው። አየር ውስጥ ይሄዳል፣ ውሃ ውስጥ ይሄዳል፣ ብረት ውስጥ ይሄዳል። የሚቸገረው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ነው። ሁለቱ ቁሶች በግትርነትና በክብደት ከተራራቁ ድምፁ ድንበሩ ላይ ተመትቶ ወደ መጣበት ይመለሳል። ከአየር ቀጥ ብሎ ወደ ውሃ የሚመጣ ድምፅ ከጉልበቱ ከሺህ አንድ እጅ ያህሉ ብቻ ያልፋል፤ ሌላው በሙሉ ይመለሳል። ዋና ስንዋኝ ራሳችንን ውሃ ውስጥ ስንከት ከላይ የሚጮኹት ሰዎች ዝም የሚሉብን ለዚህ ነው።

ኬላው ግን ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። የሐዲዱ ድምፅ ሩቅ የሚደርሰው ለምን ይመስላችኋል? ፈጣን ስለሆነ ብቻ አይደለም። ብረቱና አየሩ በመካከላቸው ባለው ኬላ ምክንያት ድምፁ ከሐዲዱ ወጥቶ እንዳይበተን ብረቱ ውስጥ ስለሚታጠር ነው። ጣና ላይ ገዳማቱን ስሳለም ያየሁት የድንጋይ ደወልም እንደዚሁ ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎ በሌላ ትንሽ ድንጋይ ሲመቱት እንደ ብረት ይጮሃል። ያንኑ ድንጋይ መሬት ላይ አጋድማችሁ ብትመቱት «ጧ» ብሎ ያበቃል፤ ድምፁን መሬቱ ይውጠዋል። ገመዱ ለስላሳ ስለሆነ በእሱ በኩል ድምፁ ሾልኮ አይወጣም፣ ድንጋዩ ውስጥ ሲመላለስ ይቆያል። አባቶቻችን ቀመሩን አልጻፉልንም፤ ገመዱን ግን በትክክል አስረዋል። ቦይልም ሰዓቱን ያንጠለጠለው በዚሁ ብልሃት ነው።

መካኒኮቻችንስ? ሞተር ውስጥ አንድ ነገር ሲንኳኳ ረጅም ካቻቢቴ ያነሱና ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው አጥንት ላይ አድርገው የታመመውን ቦታ ያገኙታል። ድምፁ ከብረት ወደ ብረት፣ ከዚያ ወደ አጥንት ይመጣል፤ አየር የሚባል ኬላ አያገኘውም። በ1816 ፓሪስ ውስጥ ሬኔ ላኤኔክ የሚባል ሐኪም አንዲት ሕመምተኛ ደረት ላይ ጆሮውን ማሳረፍ ስለከበደው ወረቀት ጠቅልሎ አዳመጠ፤ ከዚያ የእንጨት ዘንግ አሠራ። ዛሬ ሐኪም አንገት ላይ የምናየው ማዳመጫ ከዚያ የመጣ ነው። ላኤኔክ እንደጻፈው ሐሳቡን ያገኘው ከቀድሞ ከሚታወቅ ነገር ነው፤ የአንድን ግንድ ጫፍ በመርፌ ሲጭሩት ሌላኛው ጫፍ ላይ ጆሮውን ላደረገ ሰው ይሰማል።

አሁን ወደ ጆሮዬ እንመለስ፤ ትልቁ ኬላ ያለው እዚያ ነውና። የምንሰማበት ውስጠኛው ክፍል በፈሳሽ የተሞላ ነው። ድምፅ ግን የሚመጣው በአየር ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ጭንቅላት ውስጥ ያ ከሺህ አንድ ብቻ የሚያሳልፍ ኬላ አለ። ፈጣሪ ለዚህ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አስቀምጧል፤ ቅርጻቸውን አይተው መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ብለው ሰይመዋቸዋል። ሰፊው የጆሮ ታምቡር የሰበሰበውን ግፊት አጥንቶቹ ተቀባብለው ጠባቧ የእርካብ እግር ላይ ያጠራቅሙታል፣ እሷም ፈሳሹን ትገፋለች። እርካቧ በሰውነታችን ውስጥ ካሉ አጥንቶች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ቁመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኔ እርካብ ዙሪያዋን አጥንት በቅሎባት ግትር ብላ ቆማለች። ኬላው ተዘጋ ማለት ነው።

የሐኪሟ ሹካ ግን ኬላውን ዞረው። ያንን ብረት በ1711 የሠራው ጆን ሾር የሚባል እንግሊዛዊ መለከት ነፊ ነው፣ ለሙዚቃ መሣሪያ መቃኛ። በኋላ ጀርመኖቹ ቬበር በ1834፣ ሪነ ደግሞ በ1855 ለጆሮ ምርመራ መሠረት ጣሉበት። ግንባር ላይ ሲቆም ድምፁ በአጥንት አድርጎ በቀጥታ ውስጠኛው ክፍል ይገባል፤ ታምቡር አያስፈልገውም፣ እርካብ አያስፈልገውም። በታመመው ጆሮ ጎልቶ ከተሰማ ነርቩ ደህና ነው፣ የተበላሸው በሩ ነው ማለት ነው። በጤነኛው ጎልቶ ቢሰማኝ ኖሮ የከፋው ነርቩ በሆነ ነበር። «ጥሩ ዜና» ያለችኝ ይህን ነው።

ለምን ጎልቶ እንደሚሰማ አሁኑኑ መሞከር ትችላላችሁ። አንዱን ጆሯችሁን በጣት ድፈኑና አፋችሁን ዘግታችሁ «እምምም» በሉ። ድምፁ ወደ ተደፈነው ጆሮ አይሄድም? ከውጭ የሚመጣው ጫጫታ ሲዘጋና በአጥንት የመጣው መውጫ ሲያጣ ይጎላል። የባለቤቴም እንቆቅልሽ እዚህ ተፈታ። እኔ የራሴን ድምፅ በአጥንት አጉልቼ ስለምሰማ ዝቅ አድርጌ እናገራለሁ። ለካ ሳንሾካሹክ የኖርኩት እውነቷን ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ እዚህም በአደባባይ እደግመዋለሁ።

አንድ የጥንት ታሪክ ደግሞ አጽናናኝ። ቶማስ ዊሊስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1672 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንዲት መስማት የተሳናት ሴት ጽፏል። ሴትየዋ ሰው የሚናገረውን የምትሰማው አጠገቧ ከበሮ ሲመታ ብቻ ነበር። ባሏ ታዲያ ከበሮ የሚመታ አገልጋይ ቀጠረላት። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ ከበሮ ሲመታ ሰው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል፣ እሷ ደግሞ በሩ ስለተዘጋ ከበሮው ያን ያህል አያውካትም። እኔም ሠርግ ቤት ውስጥ ከሌላው ሰው እኩል የምሰማው፣ ጸጥ ባለ ሳሎን ግን የምቸገረው ለዚህ ኖሯል!

መፍትሔውስ? በ1956 ጆን ሺ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ሜምፊስ ውስጥ የቆመችውን እርካብ አውጥቶ በቦታዋ ከቴፍሎን የተሠራች ምትክ አስገባ፤ ታካሚዋ ሰማች። መጥበሻችን ላይ የሚቀባው ያው ቴፍሎን ነው። ዛሬም የሚሠራው ከዚያ የተወረሰ ነው። ሐኪሟ ሁለት ምርጫ ሰጠችኝ፤ ወይ የጆሮ ማዳመጫ፣ ወይ ይህ ቀዶ ሕክምና። ስጋቱንም አልደበቀችኝም፤ ጥቂት ሰዎች ላይ የቀረውም መስማት ሊጠፋ ይችላል። ኢንሹራንሱ በመጀመሪያ አልከፍልም አለ፤ ተጻጽፈን ተጻጽፈን ከወራት በኋላ ከፊሉን ከፈለ። የቀረውን ዕቁቤ ሸፈነው። ዕቁብተኞቼ ሳልጠይቃችሁ ዕጣዬን ያስቀደማችሁልኝ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ከተሠራሁ አራተኛ ወሬ ነው። እንደ ልጅነት ጆሮ አልሆነም፤ ትልልቅ ድምፅ አሁንም ያስደነግጠኛል። ግን መሪ በጨበጥኩ በመጀመሪያው ቀን ወደ ቀኝ ልታጠፍ ፍሬቻ ሳበራ የሆነ ነገር ጠቅ ጠቅ ሲል ሰማሁ። መኪናው የተበላሸ መስሎኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። ለካ ፍሬቻው ራሱ ነው። ስንት ዓመት ጠቅ ጠቅ ሲል ኖሯል፤ እኔ ግን መኪናዬን ዝምተኛ ነው እያልኩ አመሰግነው ነበር።

እሑድ እናቴ ደወለች። ስልኩን በቀኝ ጆሮዬ ያዝኩት። ከዲሲ እስከ ድሬ ከ11,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ድምፅዋ በአየር ይምጣ ቢባል ከዘጠኝ ሰዓት ያላነሰ ይፈጅበታል፣ በብረት ዘንግ ቢመጣ ከግማሽ ሰዓት በላይ። ስልክ ግን ድምፅን አያጓጉዝም። እዚያ ድሬ ኬላው ላይ ተቀብሎ ወደ ኤሌክትሪክና ወደ ብርሃን ይለውጠዋል፣ ባሕር ሥር በተዘረጋ የመስታወት ክር አሻግሮ እዚህ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ይህን ሁሉ ዓለም አቋርጦ መጥቶ ሦስት ዓመት ሙሉ የቀረው የመጨረሻዋ ኬላ ላይ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ በምትሆን አጥንት ላይ ነበር።

እናቴ ስለ ጆሮዬ አልነገርኳትም ነበር፤ እንዳትጨነቅ ብዬ። ትንሽ እንዳወራን «ዛሬ ቀልብህ እዚህ ነው፤ ድሮ ስነግርህ እሺ እሺ ብቻ ነበር የምትለኝ፤ ሥራ በዝቶብህ ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አለችኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄ አይሰማኝም ብላ ኖራለች።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ከመካከላችሁ ስልኩን ጆሮ እየቀያየረ የሚይዝ፣ ተሳፋሪ ሲናገር በመስታወት ከንፈር የሚያይ፣ «ምን አልክ?» ማለት ሰልችቶት ዝም ብሎ ራሱን የሚነቀንቅ አለ። አውቃችኋለሁ፣ እኔም ነበርኩና። አፍራችሁ አትደብቁት። ነርቩ ይሁን በሩ፣ በአንዲት ሹካ መጀመር ይቻላል፤ ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የሐዲዱ ትዝታ ያላችሁ ደግሞ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ከዚራ፣ ለገሃር አካባቢ ያደጋችሁ፣ ቀድሞ «መጣ!» ይል የነበረው ማን እንደሆነ ሳንተማመን አንቀርም።

ቸር ይግጠመን።